ማን ጠርቶት ነው አቤት የሚለው?

ጥቅምት 9

ውድ አክስቴ፣

ከእማዬና ከእኔ ሰላምታ ይድረስሽ፤ እግዚአብሔር በምትወጪበት በምትገቢበት ካንቺ ጋር ይሁን።

ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ደህና ነን» ይባላል። የቋንቋ አስተማሪያችንም እንደዚያ ነው ያስተማሩን። እኔ ግን እዚያ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በስልክ «ደህና ነን» ስንልሽ ከርመናል። እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን መሀላችን ታስቀምጠዋለች። እሷ እኔን እያየች «ደህና ነን» ትላለች፣ እኔ እሷን እያየሁ «ደህና ነን» እላለሁ፣ አንቺ ከወዲያ «ተመስገን» ትያለሽ፣ ይዘጋል። በወረቀት ልሞክር ብዬ ነው።

ደህና አይደለንም አክስቴ።

ወንድሜን ሻምበል ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከፊት እየቀደመ «ግራ ቀኝ! ግራ ቀኝ!» ይለኝ ስለነበር። እኔን ጭራው ያለኝ ደግሞ እሱ ነው፣ ከኋላው ስለማልጠፋ። እማዬ ስትቸኩል ስማችንን እንዴት እንደምታምታታ ታስታውሻለሽ። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ «ሻምበል! ኧረ ጭራው!» ትላለች። ሁልጊዜ እሱን አስቀድማ ነው። እሱም ከውጭ ሆኖ «እማዬ ወስኚ እንጂ፣ ዋናውን ነው ትርፉን?» ይላታል። «ሁለታችሁም ገደል ግቡ!» ትላለች። ሁለታችንም እንመጣለን።

ሻምበል በተቀበረ ሰሞን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ «ሻምበል!» ብላ ተጣራች። እኔን መሆኑ ነው። «ኧረ ጭራው» የሚለውን ልታስከትል አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እኔም አቤት ማለት አቃተኝ። በእሱ ስም እንዴት አቤት ይባላል? እሷም ወደ ስፌቷ ዞረች።

ከዚያ ወዲህ ጠርታኝ አታውቅም። ስትፈልገኝ በመቀሷ እጀታ ጠረጴዛውን ቋ፣ ቋ ታደርጋለች። ምሳ ሲደርስ ቋ፣ ቋ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እንዳስገባላት ስትፈልግ ቋ፣ ቋ። እመጣለሁ፣ አስገባለሁ፣ እሄዳለሁ። በቤታችን ስም የሚጠራ ሰው ጠፋ።

ሌላም አለ። ለማታ ጸሎት አጠገቧ እቆማለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ውስጤ ግን ባዶ ነው። ሻምበል በዚያ ትኩሳት የተኛ ጊዜ እግዚአብሔርን ጠርቼዋለሁ። ከጓሮ ግድግዳ ተደግፌ ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁት። አቤት አላለኝም። አንቺ ለእሱ ቅርብ ስለሆንሽ ይህን ስትሰሚ ትደነግጫለሽ። ግን ጸሎት ያስተማርሽን አንቺ ነሽ፤ ለሌላ ለማን እናገራለሁ?

በነገራችን ላይ ካልኩሌተሬ ተበላሽቷል። ወዲህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ብዬ ነው።

አክባሪሽ
ጭራው


ኅዳር 20

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣

የሰላም አምላክ ሰላሙን ያብዛልህ። ያዘነውን ቤታችሁን እሱ ይጎብኘው፣ የእናትህን ጉልበት ያጽና፣ አንተንም ለቁም ነገር ያብቃህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራዬም ጤናዬም ደህና ነው። ቤቴ ይሞቃል። የሥራ ባልደረቦቼም ይወዱኛል። ካልኩሌተሩን ልኬልሃለሁ፤ ባትሪው ለብቻው ነው የተጠቀለለው።

የሻምበልን ፎቶ ላክልኝ፤ ያንን መሰላል ላይ ሆኖ መስታወት ሲገጥም የተነሳውን። እኔ ጋ ያለው የልጅነቱ ብቻ ነው።

ስለ ጸሎት ለጻፍከው፣ በርታ እንጂ አታቋርጥ። እግዚአብሔር ይሰማል። እናትህንም ቻላት፤ ሐዘን ላይ ናት።

አክስትህ


ታኅሣሥ 12

ውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፣ ቸሩ አምላክ ጤና ይስጥሽ። ካልኩሌተሩ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ፎቶው እዚህ ውስጥ አለ። መሰላሉን ይዤ ከታች የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ብቻ ነው የሚታየው።

«በርታ» የምትለዋን ቃል ሰው ሁሉ ሰጥቶኝ የማስቀምጥበት ቦታ አጥቻለሁ። ከአንቺ ሌላ ቃል ጠብቄ ነበር። አትቀየሚኝ።

የትምህርት ቤታችን የላይኛው ፎቅ መስታወቶች የተገጠሙት በሻምበል እጅ መሆኑን ታውቂያለሽ? እኔ የምቀመጠው አንዱ መስኮት ሥር ነው። መስታወቱን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀው ነገር ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ተጭኖት ኖሮ፣ የጣቱ ምልክት እዚያው ጥግ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሲገጥም ከውስጥ በኩል ሆኜ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ሊገባ ትንሽ ሲቀረው «ትንፍሽ እንዳትል» ይለኛል፣ እሱም ትንፋሹን ይይዛል። መሀላችን መስታወቱ ብቻ ነው። እንደዚያ ፊት ለፊት ዝም ብለን ቆመን፣ ገብቶ ቀጥ ሲል ነበር ሁለታችንም የምንተነፍሰው።

ባለፈው የፊዚክስ አስተማሪያችን «አንተ! መስኮቱ ላይ ምን አለ?» አሉኝ።

«ወንድሜ» አልኳቸው። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እሳቸው ጠመኔያቸውን እያገላበጡ ቆዩና ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ጓደኞቼ እግር ኳስ ላይ እንኳ ኳስ አያስጥሉኝም፤ እንደ ዕቃ ነው የሚያልፉኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ወደ አንቺ ውሰጂኝ። ቤትሽ ይሞቃል፣ ሰዎቹ ይወዱሻል፤ እዚያ እግዚአብሔርም የሚቀርብ ይመስለኛል። አንድ ጥግ ይበቃኛል። ትምህርቴን እማራለሁ፣ የተገኘውን ሥራ እሠራለሁ። እዚህ መቀስ ቋ ባለ ቁጥር እየዘለልኩ መኖር አቅቶኛል። እሺ ወይም አይሆንም በይኝ፤ በርታ አትበይኝ።

ጭራው


የካቲት 1

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ?

መልስ አልመጣም። በስልክ ከእማዬ ጋር ስታወሪ ሰማሁሽ፤ ስለ ብርዱ ተጨዋወታችሁ። እኔን «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ «ጥሩ ነው» አልኩሽ።

አንቺም እንደ እሱ ዝም ልትይኝ ነው? እሱ ስል ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ጭራው


የካቲት 26

ጭራው፣ የኔ ልጅ፣

እግዚአብሔር ይህን ደብዳቤ በደህና ጊዜ እጅህ ላይ ያድርሰው። የዘገየሁት «እሺ» ወይም «አይሆንም» ማለት ከብዶኝ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን ለማለት መጀመሪያ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፣ እሱ ነው የከበደኝ።

ቤቴ ይሞቃል ያልኩህ እውነት ነው፤ የሕንፃው የሙቅ ውኃ ቧንቧ በግድግዳዬ ውስጥ ያልፋል። አንድ አልጋና አንድ ወንበር አለኝ። ወንበሯ አንድ የሆነችው የሚቀመጥባት ሁለተኛ ሰው መጥቶ ስለማያውቅ ነው።

የምሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነው፣ ከምድር በታች። አንሶላው ርጥቡን በአንድ በኩል ይገባል፣ ተተኩሶ በሌላ በኩል ይወጣል። እኔና አንዲት ሴትዮ ዳርና ዳር ይዘን እናጥፋለን። ቋንቋችን አይገናኝም፤ የምንግባባው «ያዢ» እና «ልቀቂ» ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ቃላት ስንት ዓመት እንደሚኖር ብታይ ትገረማለህ።

ባልደረቦቼ ይወዱኛል ያልኩህ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር የሚወዱት ሌላ ሴት ነው። ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ጋውን ደረቱ ላይ ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ስም ተጠልፎበት ነበር። አለቃው እሱን አንብቦ ጠራኝ። አዲስ ነኝ፣ ፈራሁ፣ እሺ ብዬ ሄድኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ቆይቼ ላርም ብል አሳፈረኝ። ይኸው እስከ ዛሬ በእሷ ስም እጠራለሁ። የልደት ቀኗ ሲደርስ ኬክ ያመጣሉ፣ እኔም ቆርጬ እበላለሁ። ሳቅ፣ ይፈቀድልሃል።

የሻምበል ወሬ የደረሰኝ እዚያ ማሽን አጠገብ ቆሜ ነው። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ማጠፌን ቀጠልኩ። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ አንሶላውን ቀስ አድርጋ ያዘችልኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ታድርግ? ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲጮህ እየጠበቅሁ ለእግዚአብሔር የማይባለውን ሁሉ አልኩት። ድምፄን ማሽኑ ስለሚውጠው ማንም አልሰማኝም። አንተ ግድግዳ ተደግፈህ፣ እኔ ማሽን ተደግፌ፣ ያው አንድ ነን። ለእሱ ቅርብ ናት የምትላት አክስትህ ይህች ናት። «በርታ» ብዬ የጻፍኩልህ የምሰጥህ ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር አለኝ። የራሴ አይደለም፤ የሻምበል ነው።

ፊደል እንደለየ፣ አንተ ገና ጀርባዬ ላይ ታዝለህ ሳለህ፣ የጸሎት መጽሐፍ አስነብበው ነበር። «አቤቱ» የምትለው ቃል ላይ በደረሰ ቁጥር ይቆማል። አንድ ቀን ጣቱን ቃሉ ላይ ተክሎ ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ጠርቶት ነው አቤት የሚለው?» አለኝ።

«አቤት አይደለም፣ አቤቱ ነው» አልኩት። «ጌታ ሆይ ማለት ነው። የሚጣራው ሰውዬው ራሱ ነው።»

«አይደለም!» አለኝ። «እሱ የሚጣራ ቢሆን ኖሮ “ና” ይላል እንጂ ለምን አቤት ይላል? እኔ አቤት የምለው አንቺ ስትጠሪኝ ነው።»

ለእናትህ ነግሬያት ስንስቅ ዋልን። ከዚያም ረሳሁት።

በቀደም፣ ያንን ሁሉ ጮኬ ድምፄ ያለቀ ጊዜ፣ አለቃው እንደ ልማዱ በዚያች ሴት ስም ተጣራ። እኔም ሳላስበው በገዛ ቋንቋዬ «አቤት» አልኩ። ለአለቃው እንዳልሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አንሶላውን እንደያዝኩ የዚያ ልጅ ጣት ቃሉ ላይ ታየኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ የምጣራው እኔ፣ ዝም የሚለው እሱ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ያለኝ ሌላ ነው።

ምንም ድምፅ አልመጣም፣ ብርሃንም አልወረደም። ሴትዮዋ «ያዢ» አለችኝ፣ ያዝኩ። ግን ደረቴ ውስጥ ተቋጥሮ የከረመ ነገር ላላ። አሁን ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት እዚያ ጸጥታ ውስጥ ቆሜ አቤት እላለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም፣ ምንም አልለምንም። አንዳንድ ቀን ባዶ ነው፣ አልዋሽህም። አንዳንድ ቀን ግን በእውነተኛ ስሜ የሚያውቀኝ አንድ እዚያ እንዳለ ሆኖ ይሰማኛል፤ ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ስም ብጠራም አይከፋኝም። ሰላም የምለው ይህንን ነው።

ሻምበልን ለምን እንደወሰደው አላውቅም። አውቃለሁ የሚል ሰው ካጋጠመህ ሻይ ጋብዘውና ተሰናበተው።

ስለ መምጣትህ። እመጣለሁ ካልክ ወረቀቱን አስጀምራለሁ፣ ሁለተኛ ወንበርም እገዛለሁ። ግን እያወቅህ ና፤ እዚህ በስምህ የሚጠራህ ሰው እስክታገኝ ብዙ ትቆያለህ። ትተኸው የምትመጣው ቤት ተሳስቶም ቢሆን የሚጠራህ ቤት ነው። እናትህ መቀስ የምታንኳኳው ስምህ ጠፍቷት አይምሰልህ። የእሱ ቀድሞ እንዳይወጣባት ፈርታ ነው።

ፎቶው አልጋዬ ራስጌ ነው። እጅህም ይታየኛል።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። በሚቀጥለው ጊዜ ፖስታው ላይ ስሜን በትልቁ ጻፈው። የሚያነበው ፖስተኛው ብቻ ቢሆንም።

አክስትህ


መጋቢት 21

ውድ አክስቴ፣

በስምሽ የሚያውቅሽ አምላክ ሰላም ያውልሽ። ፖስታውን እንዳየሽው ተስፋ አደርጋለሁ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ «ይሄ አድራሻ ነው ማስታወቂያ?» አለችኝ። «አክስቴ ናት» አልኳት።

ደብዳቤሽን መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሻምበልን ሙሉ በሙሉ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ እኔ የማላውቀው ሻምበል አንቺ ጋ ተቀምጦ ኖሯል። ቀጥሎ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ለብዙ ቀን ሞከርኩ። ጓሮ፣ ያ ግድግዳ ጋ ቆሜ አቤት እላለሁ። ምንም የለም። ከሞኝ በላይ ሞኝ መሰልኩ። የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው ያየኝ።

ማክሰኞ ፊዚክስ ላይ ነበርን። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ እኔ የሻምበልን አውራ ጣት ምልክት እያየሁ ነበር። «አቤት!» አልኩ። በውስጤ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጮክ ብዬ ነው።

አስተማሪያችን ዞሩ። «ማን ጠርቶህ ነው?» አሉኝ።

አክስቴ፣ ያንኑ ቃል! ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ሻምበል ከሞተ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉና «ሲጠራህ ንገረን» ብለው ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። ክፍሉም እንደገና ጸጥ አለ።

ያን ጸጥታ አወቅሁት። መስታወቱ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው የነበረው ነው። እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ መሀላችን መስታወት፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን። ያኔ ሻምበል ዝም ስላለ ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ አያውቅም። ያን ያህል የሚቀርበኝም ጊዜ አልነበረም። እግዚአብሔርም እንደዚያ ዝም ብሎ ይሆን? አላውቅም። ሐዘኑ እንዳለ ነው፤ እዚያው ደረቴ ላይ ነው። ግን ደወሉ እስኪደወል ድረስ አጠገቤ ሰው ያለ ይመስል ተረጋግቼ ተቀመጥኩ። የምጠይቀውም የምከስሰውም ነገር አልመጣልኝም።

ቤት ስገባ እማዬ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ክሩ ሾልኮባት መቀሷን ብድግ ስታደርግ አየኋት። ጠረጴዛውን ሳትመታው «አቤት እማዬ» አልኩ።

መቀሷ አየር ላይ ቀረ። «አልጠራሁህም» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ሻምበል ሕፃን ሆኖ ይጠይቅ ነበር አሉ፤ ይሄ ሰውዬ ማን ጠርቶት ነው አቤት የሚለው ብሎ።»

መቀሷን አስቀመጠች። «እሷ ናት የነገረችህ» አለች። «ጣቱን እኮ ከቃሉ ላይ አላነሳም ብሎ ገጹን አቆሽሾት ነበር።» ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነባትና በጨርቋ ፊቷን ሸፈነች። አጠገቧ ተቀምጬ ክሩን አስገባሁላት። ከዚያም ሳልጠይቃት ስለ እሱ አወራችልኝ፤ እራት እስኪያልፍብን።

ማታ ስንጸልይ እሷ «አቤቱ» ብላ ጀመረች። እኔም አልኩ። ከንፈሬን ብቻ አልነበረም ያንቀሳቀስኩት። ከእሱ በላይ አልሄድኩም፤ ቀሪውን እሷ ጨረሰችው።

ሁለተኛውን ወንበር ግን ግዢ። ልኖር ሳይሆን ልጠይቅሽ እመጣለሁ፣ ትምህርቴን ስጨርስ። እስከዚያ ያቺን አንሶላ የምታጥፈውን ሴትዮ ጋብዣት። «ያዢ» እና «ልቀቂ» ለሻይም ይበቃሉ። ስምሽንም ንገሪያት።

ይህን የምጽፍልሽ ጓሮ ቁጭ ብዬ ነው። ልዘጋው ስል እማዬ ከውስጥ ተጣራች።

«ሻምበል!»

ከዚያ ዝም አለች። ስፌት መኪናዋም ቆመ። ትንፋሿን እንደያዘች ግድግዳውን አልፎ ተሰማኝ።

«አቤት!» አልኩ።

ትንሽ ቆየችና፣ «ኧረ ጭራው!» አለች።

«አቤት!»

ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። አንዱን ስለ እሱ ነው።

ልሂድ፣ እየጠራችኝ ነው።

የአንቺው
ጭራው